ከክፍል በኋላ አንድ ሰዓት፦ ለፍሬሽ ተማሪ የጽሑፍ እገዛ ለምን ያስፈልጋል? እንዴትስ ይሰጣል?



አዲስ ተማሪዎች ግቢ በገቡ ቁጥር ከአቀባበሉ ቀጥሎ የሚመጣው የጀመዓ ሥራ ቱቶሪያል ነው። ሲኒየሮች ጠመኔ ይዘው ማትስ፣ ፊዚክስና ሎጂክ ያስረዳሉ፤ የቆዩ ፈተናዎችን ይሠራሉ። በዚህ ብዙ ፍሬሽ ተጠቅሟል፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ግን ዘወትር ይዘለላል። እሱም በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። በማትስ የደከመ ተማሪ ችግሩ በመጀመሪያው ኩዊዝ ይታወቃል። በመጻፍ የደከመ ተማሪ ግን ሊደበቅ ይችላል። በግሩፕ አሳይመንት ስሙን ያስገባል፣ ከጓደኛው ይገለብጣል፣ ፈተናውን ምርጫ እያከበበ ያልፋል። ችግሩ የሚገለጠው በመጨረሻው ዓመት ሪሰርች ሲመጣ ወይም ከተመረቀ በኋላ የሥራ ማመልከቻ ጻፍ ሲባል ነው። ያኔ የሚያግዘው ሰው አጠገቡ የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ የተዘለለ ክፍል ነው። ድክመቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ኮርሱ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ፣ ሌሎች ምን እንደሠሩ፣ እኛስ በአቅማችን ምን ልንሠራ እንደምንችል በቅደም ተከተል እናያለን።

ድክመቱ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መጻፍ ያቃተው ፍሬሽ ሰነፍ አይደለም። እስካሁን ጻፍ ብሎ ያስገደደው ስላልነበረ ነው።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ይህ ማለት የግራና ወይም የውርጌሳ ልጅ እስከዚያ ድረስ ሲያስብም ሲጽፍም የቆየው በአማርኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂና ጂኦግራፊ በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመጡበታል። መምህሩም ትምህርቱ እንዲገባ ብሎ በአማርኛ ያብራራል፤ ተማሪው ኖቱን ከሰሌዳ በእንግሊዝኛ ይገለብጣል። መገልበጥ ደግሞ መጻፍ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ የእንግሊዝኛውም ቢሆን አንድ አንቀጽ እንኳ ጻፉ አይልም። ያልተፈተነ ነገር አይጠናም። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪው የሚለማመደው ትክክለኛውን ፊደል ማጥቆር ነው።

ሦስተኛው የመርሐ ግብር ለውጥ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሁለት ዓመት መሰናዶ ሲጀመር ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጣ። ተመልሶ የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሬሜዲያል ፕሮግራም ተጨመረ፤ ምክንያቱም በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ፍሬሾች እንግዲህ በጣም የተለያየ መንገድ የመጡ ናቸው።

አራተኛው የአካባቢያችን ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና ዙሪያዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲያችን ተዘረፈ፣ ትምህርት ቤቶች ወደሙ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ሌላው ሲማር ቤቱ የተቀመጠ ልጅ ያጣው የትምህርት ይዘቱን ብቻ አይደለም፤ እጁም ብዕር መያዝ ለምዶ የነበረውን ረስቷል።

ኮርሱ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በፍሬሽማን ዓመት ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ላንጉዌጅ ስኪልስ አንድ እና ሁለት የሚባሉ ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች አሉ። ኮርሶቹ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብን፣ ሰዋስውንና መጻፍን አንድ ላይ ይይዛሉ። በሳምንት ካለው ሦስት ሰዓት ገደማ ለመጻፍ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

መምህሩን ከመውቀሳችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ክፍል 50 ተማሪ አለው እንበል። የአንዱን ተማሪ አንድ ገጽ ጽሑፍ በትኩረት አንብቦ አስተያየት ለመስጠት 15 ደቂቃ ይፈጃል። ለ50ው 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ተማሪው አስተካክሎ ሲመልሰው ዳግም ለማየት ደግሞ ያን ያህል። መምህሩ ሦስት ክፍል ካለው ሁለቱ ዙር በድምሩ 75 ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ለአንድ አሳይመንት! ስለዚህ መምህሩ ማድረግ የሚችለውን ያደርጋል፤ ወይ በግሩፕ ያሠራል፣ ወይ ግሬዱን ብቻ ጽፎ ይመልሳል።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። መጻፍ የሚለመደው በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ አይደለም፤ ጽፎ፣ ሌላ ሰው አንብቦለት፣ ያልገባውን ሰምቶ፣ እንደገና ሲጽፍ ነው። ከአሥር ውስጥ አምስት የሚል ቁጥር የትኛው ዐረፍተ ነገር አንባቢውን እንዳደናገረው አይናገርም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው ሲቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 በሩን ለከተማው የሁለተኛ ደረጃ ምሩቃን ሁሉ ሲከፍት፣ ከድሃ ሰፈሮች የመጡ፣ ብዙ ጽፈው የማያውቁ ተማሪዎች ገቡ። ብዙ መምህራን እነዚህ አይሆኑም አሉ። ሚና ሾኔሲ የተባለች መምህርት ግን የተማሪዎቹን ወረቀቶች ሰብስባ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ መረመረች። በ1977 ባሳተመችው መጽሐፍ ያሳየችው ነገር ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ለውጧል። ስሕተቶቹ እንዲሁ የተበተኑ አይደሉም፤ ሥርዓት አላቸው፤ ተማሪው የሚያውቀውን ሕግ ባልሆነ ቦታ ሲጠቀም የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ይህ ተማሪ ጀማሪ እንጂ ደካማ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ በዚያው አገር ከባልቲሞር ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ቀድሞ በመጻፍ የደከሙ ተማሪዎች ለብቻቸው የማካካሻ ኮርስ ይወስዱ ነበር፤ ብዙዎቹም ዋናው ኮርስ ሳይደርሱ ያቋርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮሌጁ ሌላ መንገድ ሞከረ። ተማሪዎቹን ለይቶ ወደ ኋላ ከማስቀመጥ ከሌሎቹ ጋር ዋናው ክፍል አስገባቸው። ከዚያ ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑት ከራሱ ከመምህሩ ጋር ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ እንዲቀመጡ አደረገ። በዚያ ሰዓት የሚሠራው ሌላ ትምህርት አይደለም፤ ያንኑ የዋናውን ክፍል አሳይመንት ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት በዚህ መንገድ የሄዱት ተማሪዎች የእንግሊዝኛውን ኮርስ በተሻለ መጠን ያልፉ ነበር።

ከሁለቱ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። የጽሑፍ እገዛ ከክፍሉ ሲነጠል ቅጣት ይመስላል፤ ከክፍሉ ሥራ ጋር ሲያያዝ ግን ጉልበት ይሆናል። ተማሪው ነገ የሚያስገባውን ወረቀት ይዞ ስለሚመጣ የሚሰማው ምክር ወዲያው ይጠቅመዋል።

ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም

ይህ አሠራር ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። ዳናን በመሰሉ የየጁ የዕውቀት ማዕከላት ደረሳ ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጣል። ያነባል፤ ሸኹ ያዳምጣሉ፤ ሲሳሳት ያስቆሙታል፤ ያርምና ይቀጥላል። ከፍ ያለው ደረሳ ደግሞ ለጀማሪው ያስቀራል፤ ሲያስቀራም የራሱ ዕውቀት ይጸናል። አንድም ደረሳ ሸኹ አረሙኝ ብሎ አያፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይታረሙ መቅረት ነው። እኛ ከቂርኣት የምናውቀውን ይህን አደብ ወደ እንግሊዝኛ ወረቀት ማምጣት ነው የሚቀረን።

ሌላም ስንቅ አለ። ነሕው የቀራ ተማሪ ስለ ሰዋስው ማሰብን ለምዷል። እንግሊዝኛ ላይ ብዙ ፍሬሽ የሚያስቸግሩትን ጥቂት ነገሮች በዚያ መነጽር እንያቸው።

አንደኛ፣ ‘ዘ’ እና ‘ኤ’ የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። በአማርኛ ‘መጽሐፍ’ እና ‘መጽሐፉ’ ስንል ልዩነቱን በቃሉ ጫፍ ላይ እናስቀምጣለን፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ስንጽፍ ከፊት የሚመጣውን ቃል እንረሳዋለን። ነሕው የቀራ ግን ነኪራና መዕሪፋን ያውቃል። ‘ኪታቡን’ እና ‘አልኪታቡ’ የሚለያዩት እንዴት እንደሆነ ከገባው፣ ‘ኤ ቡክ’ እና ‘ዘ ቡክ’ የሚሉትም በአብዛኛው በዚያው ሚዛን ይገቡታል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱን መተው ነው። በአማርኛ ‘ዘነበ’ ወይም ‘መጡ’ ማለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ዐረብኛም ዶሚሩን በግሡ ውስጥ ይሰውረዋል። እንግሊዝኛ ግን ስውር ባለቤት አይፈቅድም፤ ግሡ ፊት የግድ አንድ ቃል ይፈልጋል። ጽሑፋችሁን ስታርሙ በየግሡ ላይ ቆማችሁ ‘ፋዒሉ የታል?’ ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቱ ተጽፎ ካልታየ ስሕተቱ ተገኝቷል።

ሦስተኛ፣ የዐረፍተ ነገር ርዝመት ነው። አማርኛ ‘ተነሥቶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ሰግዶ፣ ቁርሱን በልቶ ክፍል ገባ’ ብሎ አምስት ድርጊት በአንድ ዐራት ነጥብ ይዘጋል። ያንኑ በእንግሊዝኛ በኮማ እያያያዙ ቢጽፉት ስሕተት ይሆናል። ቀላሉ መፍትሔ መጀመሪያ ሁሉንም አጫጭር ዐረፍተ ነገር አድርጎ መጻፍ፣ ከዚያ የሚቀራረቡትን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማያያዝ ነው።

አራተኛ፣ ጊዜ ነው። ‘ይሄዳል’ የሚለው ቃላችን ለዛሬም ለነገም ያገለግላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። የነገውን ስትጽፉ ‘ዊል’ን ወይም መሰሉን አትርሱ።

አንድ አንቀጽ ሲታረም

ሰዋስው ግን ሁሉም ነገር አይደለም። ከሰዋስው በፊት የሚመጣው ሐሳብ ነው። ለማሳያ ያህል አንድ ፍሬሽ ስለ ቆቦ ግራና ሸለቆ መስኖ አንድ አንቀጽ ጻፍ ተብሎ ይህን አቀረበ እንበል (ሐሳቡን በአማርኛ እናስቀምጠው)፦

‘መስኖ በጣም ጠቃሚ ነው። ውኃ ሕይወት ነው። ግራና ከፍተኛ አቅም አላት። ገበሬው ብዙ ችግር አለበት። ስለዚህ ሁሉም ባለድርሻ አካል ትኩረት ሊሰጥ ይገባል።’

የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ግን አንባቢው አዲስ ነገር አላገኘም። ግራና የሚለውን አውጥተን የትኛውንም ቦታ ብናስገባ ያው ነው። እዚህ ላይ የሚያግዘው ሲኒየር ቀይ ብዕር አያነሣም፤ ይጠይቃል። ‘ብዙ ችግር አለበት ያልከው የትኛው ችግር ነው? አንዱን ብቻ ምረጥ።’ ‘ይህ ችግር እንዴት ይፈጠራል? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።’ ‘ያየኸው ወይም ያነበብከው ምሳሌ አለ?’ ተማሪው በአማርኛ ይመልሳል፤ ሲኒየሩ ‘አሁን ያልከውን ጻፈው’ ይለዋል። ሁለተኛው ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

‘በመስኖ የሚያመርት ገበሬ ችግሩ የውኃ ብቻ ሳይሆን የገበያ ጊዜም ነው። ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ ሰሞን ሽንኩርት ከተከሉ በአንድ ሰሞን ያነሣሉ። ሽንኩርት ያለ ጥሩ ማከማቻ ብዙ ስለማይቆይ ገበሬው በተሰጠው ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ የተከላውን ጊዜ ማፈራረቅና ማከማቻ መሥራት ተጨማሪ ቦይ ከመቆፈር ያላነሰ ይጠቅማል።’

ልዩነቱን አያችሁት? የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የአንቀጹን ሐሳብ ተናገረ፤ ቀጣዮቹ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ አስረዱ፤ የመጨረሻው ከምክንያቱ የሚከተለውን አመጣ። ተማሪው ይህን ሁሉ ከመጀመሪያውም ያውቀው ነበር፤ የጎደለው ዕውቀቱን የሚያወጣለት ጠያቂ ነበር። በተለይ መርሳ ካምፓስ ያላችሁ የግብርና ተማሪዎች፣ የፊልድና የላብ ሪፖርት ስትጽፉ ይህን መንገድ ሞክሩት።

ሰዓቱ እንዴት ይመራ?

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አንድ ሲኒየርና ስድስት ፍሬሽ ነው። ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ይደርሳል። 50 ፍሬሽ ለማዳረስ ዘጠኝ ሲኒየር ቢገኝ ይበቃል። እህቶች የራሳቸውን ክብ፣ ወንድሞችም የራሳቸውን ቢይዙ ሁሉም ሳይሸማቀቅ ጽሑፉን ያነባል።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን፦

1. ሁሉም በክፍል የተሰጠውን አሳይመንት ጀምሮ ይምጣ። ግማሽ ገጽም ይበቃል። ባዶ እጁን የመጣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይጻፍ።

2. ባለቤቱ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያንብብ። ዓይን የዘለለውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል።

3. አዳማጮቹ ከአፋቸው የሚወጣው የመጀመሪያው ነገር ‘የገባኝ ይህ ነው’ የሚል ይሁን። ጸሐፊው ሊል ያሰበውና እነሱ የገባቸው ካልተገናኘ መስተካከል ያለበት ቦታ እሱ ነው።

4. ሐሳቡ ከጠራ በኋላ ወደ ሰዋስው ይገባ። በአንድ ቀን ከሁለት ዓይነት በላይ ስሕተት አይነሣ። ሁሉንም በቀይ መሙላት ተማሪውን ያስበረግገዋል እንጂ አያስተምረውም።

5. ብዕሩ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። ሲኒየሩ ያሳያል፤ የሚያስተካክለው ግን ራሱ ጸሐፊው ነው።

6. በሚቀጥለው ሳምንት የተስተካከለው ጽሑፍ ተይዞ ይምጣ። ይህ ከቀረ የመጀመሪያው ሰዓት ግማሽ ዋጋው ጠፋ።

ሲኒየሩ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ተማሪ መሆን የለበትም። በደንብ የሚያዳምጥና ‘አልገባኝም’ ለማለት የማያፍር አንባቢ መሆኑ ይበቃል። ሕጉን እርግጠኛ ያልሆነበት ነገር ሲገጥመው ምልክት አድርጎ ለኮርሱ መምህር ይጠየቅ። መምህራን የኮንሰልቴሽን ሰዓት አላቸው፤ ‘እንግሊዝኛ አስቸገረኝ’ ብሎ ከሚሄድ ‘ይህችን ዐረፍተ ነገር እንዴት ላስተካክላት?’ ብሎ የሚሄድ ተማሪ የተሻለ መልስ ይዞ ይመለሳል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከልም ስላለ፣ የጀመዓው የትምህርት ክፍል ይህንን ከዲፓርትመንቱ ጠይቆ ለአዳዲሶቹ ቢያሳውቅ መልካም ነው።

እገዛና መጻፍለት ይለያያሉ

አንድ ወንድማችን ሌሊቱን ተቀምጦ ለአምስት ጓደኞቹ የግሩፕ አሳይመንት ቢጽፍ ውለታ የሠራ ይመስለዋል። ጓደኞቹም ዱዓ ያደርጉለታል። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? የሚጽፈው ይበልጥ እየጻፈ ይሄዳል፤ የማይጽፈው ያለመጻፉን ይዞ ይመረቃል። ከዚያም በላይ የአማና ጉዳይ አለበት። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም ‘ይህን እኔ ሠራሁ’ የሚል ምስክርነት ነው። ግሩፕ ከሆነ ሥራው ይከፋፈል፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይጻፍ፤ ጎበዙ ደግሞ በመጨረሻ አንባቢና ጠያቂ ይሁን።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹም እንዲሁ ነው። የጻፋችሁትን ይዛችሁ ‘ይህ ለምን ስሕተት ሆነ?’ ብትሉት ሊያስረዳችሁ ይችላል፤ እሱም ስለሚሳሳት መልሱን አመሳክሩ። ‘ጻፍልኝ’ ያላችሁት ዕለት ግን ልምምዱን ሰጥታችሁ ወረቀቱን ብቻ ተቀበላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ምርጫ ስለሆነ መጻፍ ያን ያህል አይጠቅምም የሚልም ይኖራል። የመውጫ ፈተና አንድ ቀን ያልፋል፤ ሪፖርት፣ ፕሮፖዛል፣ ደብዳቤና የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ግን ዕድሜ ልክ ይከተላሉ። ምርጫ የላቸውም።

እስከ ግራና

ይህ ነገር በግቢ ብቻ እንዳይቀር አንድ ሐሳብ እንጨምር። ከሐብሩ፣ ከመርሳና ከግራና የመጣችሁ ተማሪዎች ለእረፍት ቤተሰብ ጋር ስትሄዱ በሰፈራችሁ 11ኛና 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች አሉ። ከማትስ ማጠናከሪያው ጎን በሳምንት አንድ አንቀጽ አጽፏቸው። ስለሚያውቁት ነገር ይጻፉ፤ ስለ ገበያ ቀን፣ ስለ መስኖው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው። አምስት አንቀጽ ጽፎ አምስቱንም ያረመ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ባዶ ወረቀት አያስደነግጠውም።

ከዚህ በኋላ የቱቶሪያል ፕሮግራም ሲወጣ ከማትስና ከፊዚክስ ቀጥሎ ‘መጻፍ’ የሚል መስመር ይኑርበት። ሲኒየሮች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለማንበብ የምትችሉ ስማችሁን ለትምህርት ክፍሉ አስመዝግቡ። ፍሬሾች፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዛችሁ ኑ፤ የተበላሸም ቢሆን አትፈሩ። የሚታረመው የተጻፈ ብቻ ነው።

አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅም ያድርግልን።